ፀሐይ የታየችበት ራጅ

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከደብረ ብርሃን ወጣን። ፀሐይ በጨረቃ ስትሸፈን አንኮበር ላይ ሆነን ፎቶ ልናነሳ ነው። በእኛ በኩል ሙሉ በሙሉ አትጨልምም፤ እንደ ማጭድ ቀጥና ትቀራለች ተብሏል። ካሜራው የእኔ ነው። ጨረሩ ካሜራውን እንዳያበላሸው ሌንሱ ላይ የሚገጠመውን የፀሐይ ማጣሪያ የሚይዘው ግን የሥራ ባልደረባዬ ብሩክ ነበር። ጉም ስለወረደብን መብራት አብርተን በዝግታ ነዳን፤ የያዝነውን ዳቦ እዚያው መኪና ውስጥ ጨረስነው።

ጎረቤላ

ከአንኮበር ከተማ ከጎረቤላ ወጣ ብለን፣ ቆላው ቁልቁል ከሚታይበት አንድ ግቢ ደጅ ቆምን። ብሩክ ቦርሳውን በረበረና «ማጣሪያውን ረስቼዋለሁ» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። ነደደኝ። ከአፌ ክፉ ሳይወጣ ብዬ ራቅ ብዬ ሄድኩ።

ስመለስ የግቢው ባለቤት አቶ ወርቁ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው ያስላሉ። ብሩክ የደረታቸውን ራጅ መሐሉን በመቀስ ቆርጦ በማጣሪያው ፋንታ ሌንሱ ላይ በፕላስተር ይለጥፋል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«አስፈቅጄ ነው። ራሳቸው ናቸው ያመጡልኝ።»

«የመቼ ራጅ ነው፣ አባባ?»

«የሳንባ መድኃኒት ስጀምር የተነሳሁት ነው። ነገ ደብረ ብርሃን ለምታክመኝ ሐኪም ይዤ እቀርባለሁ። ምን ላድርግ ልጄ፣ ደጄ ድረስ የመጣ እንግዳ ጠይቆኝ እንዴት የለም እላለሁ?»

ጉሙ ተገለጠ። ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ብርዱ ጠና፣ ወፎቹ ዝም አሉ። ብሩክ ደጋግሞ አነሳ። እኔ ስንት ቀን የጓጓሁለትን ነገር ቀና ብዬ ለማየት እንኳ አስጠላኝ።

ሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

አቶ ወርቁን ይዘናቸው ተመለስን፤ እኔ ቤት አደሩ። ጧት ሦስታችንም ሐኪሟ ዘንድ ገባን። የተረፈውን ራጅ ወደ መስኮቱ አነሳችው።

«አዲስ እናነሳለን። መድኃኒቱ ሠርቶ እንደሆነ ግን ከምን ጋር አስተያይቼ ልወቅ? ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ወርቁ። ብሩክ ጫማውን ያያል።

«እሳቸው አይደሉም፤ እሱ ነው» አልኩ።

አቶ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዳዬን በሰው ፊት ታዋርጃለሽ?»

የተቆጡት እኔን ነው። እንግዳ ተቀባይ ነን እያልን እንኩራራለን፤ እንግዳው ምን ይዞ እንደሚሄድ ግን አንጠይቅም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ብሩክ ደወለ።

«ፎቶውን ላኪልኝ እንጂ።»

«የአቶ ወርቁ ነው፤ እሳቸውን ጠይቅ» ብዬ ዘጋሁት።

ሄዶ ቢጠይቃቸው እንደማይከለክሉት አውቃለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።