ድርጭቷን የለየሁ ቀን

ትናንት ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ስንሄድ የመኪናችን ጎማ ተነፈሰ። ወርደን ስንጠብቅ ከመንገዱ ዳር ገብስ ውስጥ አንድ ወፍ ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ጎማውን የሚቀይረው የመኪናው ረዳት ቀና ሳይል «ቆቅ ነው» አለ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ በጉና ግርጌ ክረምቱን ሁሉ ከገብሳችን ወፍ ስጠብቅ ከርሜያለሁ። በአጨዳው ቀን ለደቦው ውሃ ሳመላልስ ሰማሁት። የቀረው አንድ ጥግ ገብስ ብቻ ነበር።

«ቁሙ! ድርጭት አለች!» ብዬ ጮኽኩ።

አጫጆቹ ሳቁ። «የቆቅ ጫጩት ነው፤ ዞር በይ!»

እልህ ያዘኝና ከማጭዳቸው ፊት ቆምኩ። «ቆቅ ብትሆን እናንተን አይታ ገና ድሮ ትሮጥ ነበር! ድርጭት ናት፣ እንቁላል ታቅፋለች። ባሏ ሲጮህ አትሰሙም?»

የደቦው አለቃ ትልቁ አጎቴ ነበሩ። ማጭዳቸውን አስቀምጠው ተንበረከኩና ገብሱን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። እርጥብ አፈር ሸተተን። አፈር የመሰለች ትንሽ ወፍ ዝንጉርጉር እንቁላሎቿ ላይ ልጥፍ ብላለች።

አጎቴ ቀስ ብለው ተነሡ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሳጭድ በጆሮዬ ለይቼ አላውቅም። ዛሬ አለቃችሁ ይህች ልጅ ናት። ያን ጥግ ተዉት!»

ተዉት። ዘፈን አውራጁም ስሜን ከዘፈኑ አስገባው፤ ያ ሁሉ ጎልማሳ ስሜን እየጠራ ተቀበለው።

«ድርጭት ነው» አልኩት ትናንት ረዳቱን።

«ኧረ ቆቅ ነው፣ እትዬ» አለና ጎማውን ማጥበቁን ቀጠለ።

አልተከራከርኩትም። ያ ሁሉ ደቦ ከኋላዬ ቆሞ ስሜን እየጠራ ምን ያከራክረኛል?