በዓል አክባሪው ኮምፒውተር

ዓምና ነው። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የመሬት ይዞታ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ፣ የሙከራ ጊዜዬን ልጨርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውኝ ነበር። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

የቢሮው መዝገብ ያለው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በውስጡ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። በእጅ የሚነካ አካል የላቸውም፤ ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው የኔትወርክ ካርድ እንኳ በሶፍትዌር የተፈጠረ ነው። መብራት ስለሚጠፋብን አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው በባትሪ ነበር። እኔም ባትሪ ልቆጥብ ብዬ ካርዶቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሥራ ካጡ እንዲተኙ አዘዝኳቸው። በብልጠቴም ኮራሁ።

ብዙም አልቆየ፣ የሚካኤል ዕለት ከቀትር በኋላ ሲስተሙ ቀጥ አለ። በግድ አጠፋሁት። በግድ ሲጠፋ ደግሞ መዝገቡን ሁሉ ካልፈተሸ አይነሳም። ከጋዝጊብላና ከፃግብጂ በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ሳያገኙ ተመለሱ። የማርያም ዕለትም ያው ሆነ።

ኃላፊው አስጠሩኝ። «የመድኃኔዓለም ዕለት ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ያን ቀን ከቆመ ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉኝ።

ኬብል ቀያየርኩ። ባትሪውን ረገምኩት። ምንም አላገኘሁም።

የመድኃኔዓለም ዕለት ጠዋት ጥበቃችን አባ ኪሮስ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ዛሬ አትልፋ ልጄ፣ አይሠራም» አሉኝ።

«ለምን አባ?»

«በዓል ነዋ! ሚካኤልን አከበረ፣ ማርያምን አከበረ። መድኃኔዓለምን ሊሽር ኖሯል?»

ከት ብዬ ሳቅሁባቸው። ግቢው ውስጥ ስገባ ግን ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። አንድም ሰው የለም። በበዓል ቀን ባለጉዳይ የሚመጣው ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ከቀትር በኋላ ነው። የእኛም ሠራተኛ ግማሹ እዚያው ነው። እስከዚያ መዝገቡን የሚጠይቅ ስለሌለ ካርዶቹ ይተኛሉ። ካርዶቹን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨራቸው፣ ደግሞ ማስተኛት እንጂ መቀስቀስ አይችልበትም ኖሯል! ማታ ማታ ሁሉን አጥፍተን ነው የምንሄደው፤ በሥራ ቀን ደግሞ ባለጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ ስለሚሰለፍ መተኛት አይደርሳቸውም።

ሮጬ ትእዛዙን ሰረዝኩ። ከቀትር በኋላ እንግዶቹ ፊት ሲስተሙ አንዴም ሳይደናቀፍ ሠራ። እኔ ግን እነሱ እስኪሄዱ ላብ አጠመቀኝ።

ማታ ስወጣ ለአባ ኪሮስ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«እና የሌለ ካርድ ነው ያስተኛኸው?»

«አዎ አባ።»

«ስንት ባትሪ ተረፈ?»

«ምንም።»

አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ኮስተር አሉ። «ቢሆንም አላማረብህም። ፍጡሩን በዓል አስሻርከው» አሉኝ።

እኔ ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ። በዚያ ሳቄ ግን እስካሁን አፍራለሁ፤ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ያጣሁትን እሳቸው በር ላይ ቆመው አይተውታል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ሲበላሽብኝ ኬብል ከመንካቴ በፊት በሩ ድረስ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፦

«አባ፣ ዛሬ የማን በዓል ነው?»