ሚጡ ያልቆረጠችው ጎመን

አባባ ዘርጋ ሌላ ተረት አልነበራቸውም ወይ? ይህን ጥያቄ ለማንም ሳልነግር ብዙ ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ። ከመጽሐፍ ጋር ስሆን አልፈራም፤ ሰው ፊት ግን ቃል ይጠፋኛል። እሳቸውንም ልጠይቃቸው እያሰብኩ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ልጅ ሳለሁ ኮልፌ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ነበር የምንኖረው። አባባ ዘርጋ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ቀን ቀን ገበያ ዳር ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ ይሰፋሉ። መርፌ የማይመልሰውን ጆንያ ወደ ግቢ ያመጡና አፈርና ፍግ ሞልተው ያቆሙታል፤ ከዚያ ጎኑን በምላጭ እየሰነጠቁ የጎመን ችግኝ ይሰኩበታል። ለግቢው ልጆች ለየራሳችን አንድ አንድ ጆንያ ሰጥተውን ነበር። ቧንቧው ውኃ በሚመጣበት ቀን በጆግ እየቀዳን ማጠጣት የእኛ ሥራ ነው።

ሲመሽ ፈርኔሏቸውን ደጃፍ ላይ ያወጡና ከሰል ያቀጣጥላሉ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ብዙውን ጊዜ ብርሃናችን ያ ፍምና መስኮታቸው ላይ የምትቀመጠው ፋኖስ ብቻ ነበሩ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ልጁ ሁሉ ከገዛ ጆንያው ቅጠል ቀንጥሶ ድስታቸው ውስጥ ካልጨመረ ተረት አይጀመርም። ጎመኑ እስኪበስል ያወሩልናል፤ ተረቱ ሲያልቅ በቆጮ እንበላለን። ብሉ ብለውን አያውቁም። ከሰሉ አመድ ሲለብስ በካርቶን ቁራጭ ያራግቡታል፣ ፊታቸው ቀላ ብሎ ይወጣና መልሶ ይጠፋል፣ ድምፃቸው ግን ጨለማው ውስጥ አይቋረጥም። የዚያ የጎመንና የጭስ ሽታ ዛሬም ልብሴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ታናሽ እህቴ ሚጡ ግን አትበላም ነበር። እማዬ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ከቤታችን የማይጠፋው ሳይሸጥ ያደረ ዳቦ ነው፤ ሚጡም ከዳቦና ከሻይ ሌላ አፏ አይገባም። አራት ዓመቷ ነው፣ ስትታይ ግን የሁለት ዓመት ልጅ ትመስላለች። ከንፈሯ ነጭ ነበር። ጤና ጣቢያ ደሟ አንሷል ተባለ፤ የሰጧትን ሽሮፕ ታስመልሰዋለች። በዚህ ከቀጠለች ሆስፒታል መተኛቷ ነው የተባለ ዕለት እማዬ በር ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስታለቅስ አየኋት። አባባ ዘርጋም አዩዋት። በማግስቱ ለሚጡ የራሷን ጆንያ አቆሙላት።

ጎመኗ ቅጠል ሲዘረጋ አንድ ማታ የእናት ጎመንን ተረት ያመጡት እሷ ጎመን እንድትወድ ብለው ነው። የክረምት በረዶ ሲወርድ ጫጩቷም፣ ጉንዳኑም፣ ቢራቢሮዋም መጠለያ አጥተው ሲሮጡ፣ አንዲት ጎመን ሰፋፊ ቅጠሎቿን ዘርግታ ከሥሯ ሰበሰበቻቸው። በረዶው ቅጠሏን እየበሳ ሲያልፍ እነሱ ቀና ብለው አለቀሱ። እሷም «ቀዳዳዬን አትዩ፣ አለመራሳችሁን እዩ» አለቻቸው። ሚጡ በማግስቱ በጠዋት ተነስታ የራሷን ጎመን ቅጠል በቅጠል ስታገላብጥ ዋለችና አንድ ትል የበላው ቀዳዳ አገኘች።

«አባባ! የኔዋ ናት! ቀዳዳ አላት!»

ከዚያ ወዲያ ጎመኗን ማጠጣት እንጂ መቁረጥ የሚባል ነገር አልሰማ አለች። አባባ ዘርጋም ሕጋቸውን ለእሷ ብቻ ተዉላት።

«እስቲ አንዲት ቅጠል ብቻ የኔ እናት» ይሏታል አባባ ዘርጋ።

«እናትየዋን አልቆርጥም። ያማታል።»

«ሚጡ ጎመን አገባች!» ትላለች የጎረቤታችን ልጅ ሄለን። «ሰርጉ መቼ ነው?»

አንድ ቀን እማዬ ከሥራ ስትመለስ የሚጡን ሹራብ ጎመኑ ለብሶት አገኘችው።

«አባባ ዘርጋ፣ ልጄ በብርድ ትንቀጥቀጥ፣ የእርስዎ ጎመን ሹራብ ይልበስ?»

«እኔ ብዪ አልኩ እንጂ አልብሺ መቼ አልኩ!»

ሁላችንም ሳቅን። እማዬም ሳቀች፤ ግን ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ ሚጡ እግር ላይ አረፈ፣ የቀጠነው እግሯ ላይ።

ዩኒቨርሲቲ ስለ ልጆች አመጋገብ የወሰድኩት አንድ ትምህርት ነበር። መምህራችን ልጅ በእጁ የተከለውን ለመቅመስ አይፈራም ብሎናል፤ እውነቱን ነው፣ የግቢያችን ልጆች ሁሉ በጎመን ነው ያደግነው። በእጁ የተከለውን ከልቡ የወደደ ልጅ ግን ላይቆርጠው እንደሚችል ያኔ ማንም አላነሳም። እኔም እጄን አውጥቼ አልተናገርኩም።

ሚጡ ቧንቧው ጋ ተዝለፍልፋ የወደቀች ዕለት ማታ አባባ ዘርጋ ፈርኔሏቸውን እንደወትሮው አወጡ፤ ወደ እኛ ግን አላዩም። ፍሙን እያዩ አወሩ። ያልተቀነጠሰ ጎመን ያረጃል አሉ። ሲያረጅ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ አበባው ጎመኗ ለመሄድ መነሳቷ ነው። ስትሄድ ደግሞ ብቻዋን አይደለም፤ ያልበላቻትን ልጅ ይዛ ነው የምትሄደው።

«የት ነው የምትወስዳት?» አለች ሚጡ።

«ወደማይመለሱበት።»

ሄለን እንኳ አልሳቀችም። አባባ ዘርጋ የአትክልት ሰው ናቸው፤ የሚጡ ጎመን እምቡጥ መያዙን ሳያዩ አልቀሩም። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ጠዋት ቢጫው አበባ ወጣ። ሚጡ አልጮኸችም። ከታች ጀምራ ቅጠሉን በሁለት እጇ እየጎተተች ቀነጠሰች፣ እቅፏን ሞልታ አመጣችላቸው። ማታ ድስቱ አጠገብ ተቀምጣ በላች። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ በደንብ ሳታኝክ እየዋጠች፣ አፏ ባዶ በሆነ ቁጥር አበባውን ዞር ብላ እያየች በላች። እማዬ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች ጭንቅላቷን ትስማለች። አባባ ዘርጋ ያን ማታ የራሳቸውን ጉርሻ ሲያነሱ አላየሁም።

ሚጡ ዳነች። ከዚያ በኋላ የቀረበላትን አትክልት ሁሉ ትበላ ጀመር፣ ክረምቱ ሳያልቅ ከንፈሯ ቀላ፣ ጤና ጣቢያም አድንቀው ሰደዷት። ግን ዳግመኛ አባባ ዘርጋ አጠገብ አልተቀመጠችም። ሲያስሉ ስትሰማ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች። ካሮት አጥበው ደጃችን ላይ ያስቀምጡላታል፤ ተራምዳው ታልፋለች።

አንድ ምሽት ካርቶኑን ተቀብዬ ፍሙን ሳራግብላቸው «ድናለች አይደል?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«በቃ። እኔን መፍራቷን ትፍራ።»

ፍሙን ማራገቤን ቀጠልኩ።

በኋላ ግቢያችን ፈረሰ፣ ሁሉም ወደየአቅጣጫው ሄደ። አባባ ዘርጋ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ቤት ገቡ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጆንያ ማቆሚያ የሌለበት። ዕቃችን አይሱዙ ላይ ሲጫን እሳቸው እየዞሩ ልጆቹን ሁሉ ሳሙ። ሚጡ ከሁሉ ቀድማ ጋቢና ገብታ በሩን ዘግታ ነበር። መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። አልከፈተችም።

ዛሬ ሚጡ ከእኔ ትረዝማለች፣ ኮሌጅ ገብታለች። ስለ አባባ ዘርጋ ሳነሳባት «እኚያ ልጅ የሚያስፈራሩት ሽማግሌ?» ነው የምትለኝ። ቢጫውን አበባ ታስታውሰዋለች። እናት ጎመንን፣ ቀዳዳውን፣ ሹራቡን ግን ጭራሽ አታውቃቸውም። ገበታ ላይ ይህን ስትለኝ እጄን ከሳህኔ አነሳለሁ፤ እሷ ግን ሳህኗን ጨርሳ ትነሳለች።

ባለፈው ሳምንት የእህታቸው ልጅ ደውላ አልጋ መያዛቸውን ነገረችን። እማዬ ጠይቃቸው ስትመለስ «ስለ ሌላ ነገር አያወሩም፣ ሚጡ ደህና ናት ወይ ነው የሚሉት» አለች። ሚጡ ሰማች፤ ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

ያን ማታ የምላትን ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ሊሞቱ ነው፣ ሳታያቸው ከሞቱ ዕድሜሽን ሙሉ ይቆጭሻል ልላት። እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እያለቀሰች ተነስታ ትከተለኛለች። በሯ ጋ ደርሼ እጄን ላንኳኳ ሳነሳ ግን ጎመን እየዋጠች ወደ ኋላዋ የምትዞረው ትንሽ ፊቷ ታየኝና ተመለስኩ። ምናልባት አባባ ዘርጋ ሌላ ተረት ነበራቸው፤ ያጡት ጊዜ ይሆናል። እኔም ብዙ ጊዜ እንደሌለኝ አውቃለሁ።

ቢሆንም ወስኛለሁ። እሑድ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ የእናት ጎመንን ተረት እነግራታለሁ፣ እሳቸው እንደነገሩን፣ ሳልቸኩል። የቢጫውን አበባ ተረት ለምን እንዳመጡና ምን እንዳስከፈላቸውም እነግራታለሁ። ስለ መሞት አላወራም። ከዚያ ጫማዬን አደርጋለሁ። ከተነሳች አብረን ታክሲ እንይዛለን። ካልተነሳች ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ለምን አልመጣችም ብለው ከጠየቁኝም አልዋሻቸውም።