በወይራ የታጠነ ቸኮሌት

ዛሬ እህቴ የሠራችውን የወተት ቸኮሌት ጎረስኩና ምድጃ የላስኩ መሰለኝ።

ነገ ጓደኛዋ ታገባለች። «የሰርጉ ቸኮሌት በእኔ ነው» ብላ ያላወራችለት የንፋስ መውጫ ባጃጅ ነጂ የለም።

ከጠዋት ጀምሮ ስልኳ ላይ ቸኮሌት አሠራር የሚያሳይ አንድ ፈረንጅ እያየች ኩሽናውን ዘጋችብን። «የወተቱ ጣዕም እንዳይጠፋ እሳቱ ለስለስ ይበል!» እያለች ስትቆጣን ዋለች።

ወተቱን ያመጣችው ግን ከአክስታችን ቤት ነው። እሳቸው ደግሞ የወተት ቅላቸውን በወይራ ጭስ ሳያጥኑ ወተት አያስቀምጡም። ለሰርግ ነው ሲባሉማ ጭሱን አጥብቀውታል።

ፈረንጁ ምን ያድርግ? ስለ ወይራ ማን ነገረው!

እህቴ አኩርፋ ሳህኑን አክስታችን ፊት አስቀመጠች። «እስቲ ቅመሱት፤ ጭስ ጭስ አይልም?»

አክስቴ ቆረስ አድርገው አላመጡና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ወተቱስ ደህና ነው ልጄ። ይሄን መራራ ነገር ምን ብለሽ ጨመርሽበት?»

እህቴ ትተወዋለች ብዬ ነበር። ይኸው አሁን በአገራችን ስም «የጋይንት ልዩ ጣዕም» የሚል ወረቀት እየለጠፈችበት ነው።

እናንተስ ቤት ከስልክ የተማረ ባለሙያ ምን አበላችሁ? ንገሩኝ እንጂ፣ እኔ ነገ ሰርግ ላይ ደግሜ ልበላ ነው።