ተሻሽሎ የማያልቀው ባሌ

ለሜሳ መጀመሪያ ያማረረው ጫማውን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሩጫ ተመልሶ በረንዳው ላይ ቁጭ አለና፣ "ይሄ ጫማ ጠቦኛል መሰለኝ፤ ውስጥ እግሬ ደንዝዟል" አለኝ። ካወለቀው በኋላም ድንዛዜው አልለቀቀውም። ጣቶቹን እያሻሸ፣ "ጉንዳን የሚሄድበት ነው የሚመስለው" አለ። ከዚያ በፊት ሆዱን አሞት ተቅማጥ ይዞት ነበር፤ እሱ ግን ድኗልና ሁለቱን ያገናኘ አልነበረም። ማታ ላይ ጉንዳኑ ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ። እሑድ ጠዋት ጉልበቱ።

ይህን የምጽፈው ጊያን ባሬ ሲንድሮም የሚባል በሽታ ቤታቸው ለገባባቸው ሰዎች ነው። እኔ ሰብለ እባላለሁ፤ መካኒሳ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ለሜሳ ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለው። የምንኖረው ለቡ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ከበሽታው በፊት ግን ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ለሜሳ ራሱን ሲያሻሽል የሚኖር ሰው ነው። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል። አንድ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ አለ። ጊዜን ስለ መጠቀም፣ ንዴትን ስለ መቆጣጠር፣ የተሻለ ባል ስለ መሆን ያዳምጣል። የተሻለ ባል ስለ መሆን ሲያዳምጥ እኔ አጠራዋለሁ፤ አይሰማኝም። አቀማመጡን ያርማል፣ እንግሊዝኛውን ያርማል፣ አተነፋፈሱን ሳይቀር ያሠለጥን ነበር። "እኔ ያገባሁት ሰውዬ ተሻሽሎ የሚያልቀው መቼ ነው?" እለዋለሁ። "ታገሺኝ ሰብልዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ" ይለኛል፤ እንስቃለን።

አባቱ አባባ ቱሉ ላፍቶ ነው የተወለዱት፤ ዙሪያቸው ሁሉ ፎቅ ሆኖ እንኳ ዛሬም ግቢያቸው ውስጥ ላም ያረባሉ። እሳቸው ጨዋታ ይወዳሉ። እሑድ እሑድ ምሳ ስንሄድ ስለ ላሞቹም ስለ ጎረቤቱም ሲያወሩ፣ ለሜሳ በማይነቀነቅበት ቦታ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን አባባ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ልጄ በአንድ ጆሮው ብቻ ነው የመጣው፤ ሌላኛው እስኪደርስ እንብላ" አሉ። ቂም የለባቸውም። እኔም አልነበረኝም። ለሜሳ ጥሩ ሰው ነው፤ ሐሳቡ ግን አብሮን ብዙ አይገኝም።

ያን እሑድ ለሜሳ ድካሙን እንደ ስንፍና ቆጠረው። "ሰውነት ሲለምንህ አትስማው" የሚል ነገር ሰምቶ ኖሮ፣ ደረጃውን ወርዶ ሊመለስ ተነሳ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ድምፁን ሰምቼ ስወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። "እግሬን አዘዋለሁ፣ አይሰማኝም" አለ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ተካና ልጆቻቸው በወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው አወረዱት። ታክሲ ውስጥ እጁን ያዝኩት። ሲጨብጠኝ ኃይል አልነበረውም።

ሆስፒታል ያየችን፣ ያዩን ልበል እንጂ፣ ፀጉራቸው ሽበት የጀመረ ሴት የነርቭ ሐኪም ናቸው። በትንሽ መዶሻ ጉልበቱን መቱት። እግሩ አልተነሳም። ሌላኛውንም መቱ። አልተነሳም። ከጀርባው ፈሳሽ አስቀድተው አስመረመሩ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሩን።

"ጊያን ባሬ ሲንድሮም ይባላል። የሰውነትህ መከላከያ ተቅማጡን ካመጣብህ ኢንፌክሽን ጋር ሲዋጋ ተሳስቶ የራስህን ነርቮች መታ። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ግን መጀመሪያ ሊብስ ይችላል፤ እኔ የምፈራው ትንፋሽህን ነው።"

ለሜሳ፣ "እኔ ምን ላድርግ?" አለ።

"አሁን ምንም።"

"የሆነ እንቅስቃሴ፣ የአተነፋፈስ ልምምድ…"

"ለሜሳ" አሉ ስሙን ጠርተው። "አሁን የአንተ ሥራ መተኛት ነው። የሚደረገውን እኛ እናደርጋለን።"

ፊቱን አየሁት። ስለ ሕመሙ ከተነገረው ይልቅ ይሄ ነው የከበደው።

ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት በደም ሥሩ ተጀመረለት። ቢሆንም ባሰበት። እጆቹ ወደቁ። ድምፁ ቀጠነ። ምራቁን መዋጥ አቃተው። በማግሥቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገባ። ቬንቲሌተር የሚባለው ማሽን ተነፈሰለት። ፊቱ መንቀሳቀስ አቆመ። ዓይኑ ብቻ ቀረ።

እኔ በር ላይ ቆምኩ። መግባት ፈራሁ። ሐኪሟ ክንዴን ያዙኝ።

"ይሰማል። ያስባል። ሁሉንም ያውቃል። ከአጠገቡ ቆማችሁ ስለ እሱ አታውሩ፤ እሱን አናግሩት።"

ገባሁ። ምን እንደምለው አላወቅሁም። የሚወደውን ይስማ ብዬ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለትና ሁልጊዜ የሚሰማውን ሰውዬ ከፈትኩ። ዓይኑን ጨፈነ። ጥብቅ አድርጎ። አወጣሁት። ዓይኑን ገለጠ።

"ይሄን አልፈልግም ነው?"

አንዴ ጨፍኖ ገለጠ። አዎ።

"መዝሙር ላድርግልህ?"

ዓይኑን አልጨፈነም።

"እኔ ላውራ?"

አንዴ ጨፍኖ ገለጠ።

አወራሁለት። ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ ከጋሽ ተካ ጋር ስለ ውሃ ታንከር የጀመሩትን ጠብ ነገርኩት። ጋሽ ተካ ያስቀመጡት ታንከር የእትዬ ዘነቡን ፀሐይ ይከልላል፤ በርበሬያቸው አልደርቅ ብሏቸዋል። "ፀሐይ በሊዝ ገዝተዋል ወይ?" ብለዋቸዋል ጋሽ ተካ። ለሜሳ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ አዳምጦኝ አያውቅም። ነርሷ ሰዓት አልቋል ስትለኝ፣ ጠቡ ገና መሀሉ ላይ ነበር።

በማግሥቱም ወሬ ፈለገ። ወሬው ደግሞ አለቀብኝ። ስለዚህ መንገድ ላይ ለእሱ የሚሆን ነገር መፈለግ ጀመርኩ። በፊት ታክሲ ውስጥ ስልኬን ነበር የማየው፤ አሁን በመስኮት ማየት ሆነ ሥራዬ። ድምፁ ተዘግቶ "ለቡ" የሚለውን በጣቱ የሚያስረዳ የታክሲ ረዳት አየሁ። ባለ መስታወት ቁም ሣጥን የጫነ ጋሪ ሀይሌ ጋርመንት መሀል፣ ሰማዩን በመስታወቱ ይዞ ሲያልፍ አየሁ። ክፍሌ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ልብሱን አላወልቅም ያለ ሕፃን ነበረ። ሁሉንም ወሰድኩለት። አባባ ቱሉም ተራቸው ሲደርስ ነጭ ገዋን ከላይ ደርበው ይገቡና በኦሮምኛ ስለ ላሞቻቸው ያወሩታል። ቡሬዋ ርጉዝ ነች፤ ይሄን ሰምቷል፤ ደጋግሞ ሰምቷል።

ከባድ ቀኖች ነበሩ። ሳንባው ተበከለ። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ሐኪሟ፣ "ዛሬ ተስፋ አልሰጥሽም፣ አልነሳሽምም" አሉኝ። ያን ቀን የማወራው አጣሁ። እጄን ግንባሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። እዚያው ቆየ። ከዚያ በላይ የጠየቅሁት አልነበረም።

ትኩሳቱ ለቀቀ። ቀስ በቀስ ትከሻው መነቃነቅ ጀመረ፤ ከማሽኑ ለጥቂት ጊዜ እያላቀቁ ሞከሩት፤ በመጨረሻም ቱቦው ወጣ። ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሆኖ ነበር። ሁላችንም ምን ሊል ነው ብለን ጎንበስ አልን። "የታንከሩ ነገር… እንዴት ሆነ?" አለ።

አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ነርሷም ሳቀች። "ታረቁ" አልኩት። "እትዬ ዘነቡ በርበሬያቸውን አሁን ጋሽ ተካ በረንዳ ላይ ያሰጣሉ።"

ከሆስፒታል ስንወጣ አራተኛ ፎቅ የማይታሰብ ስለነበር ላፍቶ አባባ ቱሉ ቤት ገባን፤ ግቢው ሜዳ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል፣ ዊልቼሩም እንደልብ ይሄዳል። ብሩክ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት እየተመላለሰ ያሠራው ነበር። እዚህ ላይ የድሮው ለሜሳ ተመለሰ። ብሩክ ትንሽ ካዘዘው እጥፍ ይሠራል፤ ለፋሲካ የገዛ ደረጃዬን ወጥቼ ቤቴ እገባለሁ ብሎ ዛተ። አንድ ቀን ብቻውን በክራንች ሊቆም ሞክሮ ወደቀ፤ ሳምንቱን በሙሉ እጁን ማንሳት እስኪያቅተው ደከመ። ብሩክ ተቆጣ። "ነርቭ በቁጣ አያድግም፣ ወንድሜ። ድካም ሲጀምርህ አቁም። ከዚያ በኋላ የምትሠራው ወደ ኋላ ይመልስሃል።"

ብሩክ ከሄደ በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ለሜሳ፣ "ያ ሁሉ ማዳመጥ፣ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት፤ እውነቴን ነው። "መነሳት የለመደ ሰው ባትሆን ይሄን ሁሉ ልምምድ በየቀኑ ማን ይሠራው ነበር? እኔ ብሆን ብርድ ልብስ ተከናንቤ እቀር ነበር።"

"ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?"

ላስቀይመው አልፈለግሁም፤ ግን ጠየቀኝ። "ሁልጊዜ ወደፊት ከሚመጣው ለሜሳ ጋር ነበርክ። እሱ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ አልጠላውም። እኔ ግን አላገባሁትም። ያገባሁት አንተን ነው።"

ጣቶቹን አየ፤ ሁለቱን ማጠፍ ገና ይታገል ነበር። "ማሽኑ ላይ ሆኜ" አለ፣ "ነገ ምን እንደምሆን ማሰብ ያስፈራኝ ነበር። ትላንትን ሳስብ ደግሞ ሆዴ ይባባል። አንቺ ስትገቢ ግን ታንከሩ ነበረ፣ ጋሪው ነበረ። እዚያ ውስጥ ስሆን አልፈራም ነበር።"

ቡሬዋ የወለደችው በልምምዱ ሰዓት ነው። ብሩክ ገና ቦርሳውን ሳይከፍት አባባ ቱሉ ከጓሮ ተጣሩ። ለሜሳ፣ "ውሰዱኝ" አለ። ዊልቼሩ ጭቃው ላይ አልሄድ ስላለ እኔና ብሩክ ደግፈነው አጥሩ ጋ አደረስነው፤ አጣናውን በሁለት እጁ ያዘ። ጥጃዋ የፊት እግሮቿን አስቀድማ መጣች። አባባ በእርጋታ እየሳቡ፣ ላሚቱን በኦሮምኛ እያባበሉ፣ መሀል ላይ ልጃቸውን "አየህ? አየህ?" ይሉታል። ለሜሳ አፉን ከፍቶ ያያል። እኔ ላሚቱን ትቼ እሱን ነበር የማየው። ጥጃዋ መሬት ላይ ወድቃ ስትንቀጠቀጥ፣ ለመቆም ስትሞክርና ስትወድቅ፣ ለሜሳ ጮክ ብሎ ሳቀ። "ቀስ በይ፣ ማን ያስቸኩልሻል!" አላት። ያኔ የራሱም ጉልበት ተንቀጠቀጠና ሁላችንም ይዘነው የማዳበሪያ ከረጢት ላይ አስቀመጥነው። ለካ እስከዚያ ቀን ከቆመው ሁሉ በላይ ቆሞ ኖሯል። ብሩክ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። በማግሥቱ ለሜሳ ከአልጋ መነሳት አልቻለም፤ ብሩክም ልክ ነበረ። ለሜሳ ግን፣ "ይሁን፣ ለጥጃዋ ይገባታል" አለ።

ፋሲካን ላፍቶ አሳለፍን። ቤታችን የገባነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ በየፎቁ እያረፍን፣ ጎረቤት ወንበር እያወጣ፣ እትዬ ዘነቡ ውሃ ይዘው እየተከተሉን። አሁን ለሜሳ ሱቁን ከፍቷል። ግራ እግሩ ትንሽ ይጎተታል፤ ማታ ማታ ውስጥ እግሩን ያቃጥለዋል። ጠዋት በእግሩ ሲሄድ ትምህርቱን ያዳምጣል፤ አልተወም፣ እኔም ተው አላልኩትም። ቤት ሲገባ ግን ማዳመጫውን ኪሱ ውስጥ ያደርገዋል። አንዳንዴ ይረሳል፤ ያኔ እኔ እነቅለዋለሁ።

ለእናንተ የምለው ይሄ ነው። ድንዛዜና ድካም ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ፣ ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትደሩ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ትንፋሽ ሳይነካ። ማሽን ላይ ያለ ሰው ይሰማችኋልና አናግሩት፤ በዓይኑ የሚናገርበት መንገድ ፈልጉለት። ልምምዱን አታቋርጡ፣ ግን ከድካም በላይ አታስገድዱት። እናንተም ብሉ፣ ተኙ፣ ተራ ግቡ፤ ብቻችሁን አትችሉትም። እኛን የቻሉን ብዙ ናቸው። ለሐኪሟ፣ ፊቱን በየጠዋቱ ስሙን እየጠሩ ላጠቡት ነርሶች፣ ለብሩክ፣ በወንበር ለተሸከሙን ጎረቤቶቻችን፣ ለአባባ ቱሉም ዕድሜ ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ሰው "መቼ ነው የሚድነው?" ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እናንተም ራሳችሁን ትጠይቃላችሁ። ጠይቁ። ተስፋም አድርጉ። ግን ያ የሚድነው ሰው ገና አልመጣም። አልጋው ላይ ያለው መጥቷል፤ እያያችሁ ነው። ወንበር ሳቡና አጠገቡ ተቀመጡ።