ከቤት የማይወጣው ድምፅ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ደወል» ይለው ነበር። ዕድሜውን መናኸሪያ ቆሞ የአውቶቡሶቹን መድረሻ ሲጣራ ነው የኖረው። ጉሮሮው ላይ እጢ ሲወጣ ሐኪሞቹ ድምፁን ማትረፍ እንደማይችሉ ነገሩት። እሱም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚያስፈልገውን ሁሉ ቀዳ፤ «ውሃ ስጪኝ»፣ «አመመኝ»፣ «በሩን ዝጊው»። ስድብም አልረሳም። እኔን በልጅነት ስሜ የሚጠራበትም ነበረ። እናታችን ካረፈች ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ቁልፍ ሲጫን ድምፁ ይወጣል። የምንኖረው ሁለት ብቻ ስለሆንን እኔም ጆሮዬን እዚያው ጥዬ ነው የምሠራው።

ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ጊዜ የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ፣ ማሽኑ ሲሠራ ነገሩን ለጊዜው በሚይዝበት በአሮጌው ሚሞሪ ጎን አዲስ ሰካለት። መጀመሪያ በረረ። ከዚያ ግን በወሬ መሃል ድርቅ እያለ ይጠፋ ጀመር። አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ «አመ» የሚል ሰማሁና ጸጥ አለ። አረፋዬን ሳላራግፍ ሮጥኩ። ወንድሜ ጎኑን ይዞ ጠረጴዛውን ይደበድባል፣ የኮምፒውተሩ መስኮት ሰማያዊ ሆኗል። ሕመሙ ቶሎ ለቀቀው፤ እኔ ግን እስኪመሽ ከአጠገቡ አልራቅሁም።

በማግስቱ ስሜን የሚጠራበትን ቅጂ ድምፁን ከፍ አድርጎ መልሶ ሊያስቀምጠው ሲል ማሽኑ ጠፋ። ሲነሣ ከስሜ የቀረው ጭርርታ ብቻ ነበር።

«የቀረውን ፍላሽ ላይ ልገልብጠው?» ብዬ ለጠጋኙ ደወልኩ።

«እንዳትነኪው እትዬ። ሚሞሪው እየሳተ ከሆነ የምትገለብጪውም ተበላሽቶ ነው የሚወጣው። ማሽኑን ሱቅ አምጡልኝ።»

ወንድሜ ሳጥኑን በሁለት እጁ አቀፈው። አፉ ነው፤ ማን አፉን አውጥቶ ይሰጣል? ጠጋኙም መጥቶ ሚሞሪዎቹን ብቻ ነቅሎ ወሰደና መልሶ አምጥቶ ሰካቸው። «በሱቄ ማሽን ተራ በተራ ፈተንኳቸው፤ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው» አለ። ገና ከደጃችን ሳይርቅ ማሽኑ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ማብራቱን ተወ። ሲፈልገኝ ያጨበጭባል። ቤቱ ጭጭ ሲል እየፈራሁ ደጋግሜ በበሩ አየዋለሁ። እንዲህ ሆኖ እንዳይቀር ነበር ፍርሃቴ።

መልሼ ደወልኩ። «ማሽኑ ካልመጣልህ አንተ ናና እዚሁ ተቀመጥ» አልኩት።

መጣ። ሁለቱንም እንደተሰኩ በመፈተኛ ፕሮግራም አስኬዳቸው። ስሕተት የሚያሳይ ቀይ መስመር በቀይ መስመር ላይ ተደረደረ። አሮጌውን ብቻውን ሲያስቀረውም ቀዩ አልጠፋም። ጠጋኙ አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። አዲሱን ስሰካ የማሽኑን ፍጥነት በእሱ ልክ ከፍ አድርጌዋለሁ። አሮጌው ያን ፍጥነት አይችለውም። ሱቅ ግን በራሱ ፍጥነት ስለሠራ ጤነኛ መሰለኝ።»

ፍጥነቱን በአሮጌው ልክ ዝቅ አደረገና ሁለቱንም መልሶ ፈተናቸው። ቀይ እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም።

«በል ጋሼ፣ ይሞክሩት።»

ወንድሜ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየ። እኔ ዞር አልኩ፤ ጭርርታውን ዳግም መስማት አልቻልኩም። ከዚያ የመናኸሪያው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «አንተ ዘገምተኛ፣ መኪናው ሄደ እኮ!»

ጠጋኙ ሳቀ። «ስድቡ ይገባኛል» አለና የቀረውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገለበጠልን። ፍላሹን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት።

የእኔ ስም አልተመለሰም። ወንድሜ አሁንም በማጨብጨብ ይጠራኛል። ሌላውን ሲጫን ግን ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ማሽኑ ጥቂት ያስባል። ያቺን ጥቂት ጊዜ እጄን ፍላሹ ላይ አድርጌ ነው የምጠብቀው።