የውሃው ዕጣ

አሥር አለቃ ወርቁ፣ የቡድናችን መሪ፣ የጎጃም ሰው፣ ትእዛዝ ሲሰጥ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ደስታ፣ የአንጋጫ ልጅ፣ ከመዝመቱ በፊት የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበረ፤ ሁላችንም «ቲቸር» እንለው ነበር። ከድር፣ አባቱ ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ጨርቅና የልብስ ቁልፍ የሚሸጡ፣ የጉራጌ ተወላጅ፣ ሙስሊም፣ ሳያስቀን የማይውል። አየለ፣ የወላይታ ልጅ፣ መትረየስ ተኳሻችን። እኔ፣ ከሀቢቾ በታች ካለ ቀበሌ የመጣሁ ገበሬ። ሌሎች አራት ነበሩ። ስማቸውን ያልጠራሁት ታሪኩ በእነሱ ላይ ስለማይሄድ ነው እንጂ ስላነሱብኝ አይደለም። ዘጠኝ ነበርን።

ይህን የምጽፈው በልጄ በእንድርያስ ምክንያት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን ይመራል። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ ሳሎናችን ውስጥ ሲከራከሩ ዋሉ። ሰው የራሱ ፈቃድ አለው ወይስ ሁሉም አስቀድሞ ተወስኗል? እግዚአብሔር መልካም ከሆነ ክፋት ከየት መጣ? ጥያቄው አልከፋኝም። እኔም ከአራተኛ ክፍል በኋላ መምህር ስላልነበረኝ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ብቻዬን ከዚሁ ጥያቄ ጋር ዓመታት ታግያለሁ። ወደ ማታ ሲሆን እንድርያስ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባ፣ እሑድ ምስክርነት ስጠን። ጦር ሜዳ ላይ እግዚአብሔር መርጦ እንዴት እንዳተረፈህ ንገረን» አለኝ።

ምስክርነት እሰጣለሁ። «መርጦ አተረፈኝ» ግን አልልም። ለምን እንደማልል በቃል ማስረዳት አልቻልኩምና ጻፍኩት።

የድንበሩ ጦርነት ነበር። የያዝነውን ኮረብታ ስሙን የነገረን የለም፤ አፈሩ ቀይ ስለሆነ «ቀዩ ጉብታ» እንለው ነበር። ጠላት ከእኛ በስተምዕራብ ከወንዙ ማዶ ነበር። የውሃ ቦቴያችን በሞርታር ከተመታ ወዲህ ውሃ ከዚያው ወንዝ እንቀዳ ነበር። በጨለማ መውረድ አይቻልም፤ ሁለቱም ወገን ፈንጂ ይቀብራል፣ ቃኚም ያሰማራል። በቀን ደግሞ ማዶ አንድ አነጣጣሪ ተኳሽ ነበር። የሚቻለው በማለዳ ብቻ ነበር። ፀሐይ ከጀርባችን ትወጣለች፤ እነሱ ፊት ላይ ትወድቃለች። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ተኳሹ ወደ እኛ ማየት አይችልም። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከፍ ትላለች፣ መንገዱም ይዘጋል።

ማን ይውረድ በሚለው መጀመሪያ ሰሞን ንትርክ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በአገራችን ለመስቀል በሬ አርደን ስንከፋፈል እንደምናደርገው እናድርግ አልኳቸው። እዚያ ሥጋው በየመደቡ ይደረደራል። ባለድርሻው ሁሉ ቅጠልም ይሁን ጭራሮ የራሱን ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ያነሳና በየመደቡ ላይ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ማጉረምረም የለም። እኛም እንዲሁ አደረግን። ደስታ የእርሳስ ቁራጭ፣ ከድር የሸሚዝ ቁልፍ፣ አየለ የጥይት ቀለህ፣ እኔ ዕቃዬን ካሰርኩበት የእንሰት ቃጫ ቁራጭ፤ ሁሉም የየራሱን ቆብ ውስጥ ይጥላል። አንዱ ፊቱን አዙሮ አንድ ያወጣል። የወጣለት ጀሪካኑን ይዞ ይወርዳል። ደንቡ ለሳምንታት ሠራ። እኔ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አየለ ፊቱን አዙሮ እጁን ቆቡ ውስጥ ከተተ። ያወጣው የከድርን ቁልፍ ነበር።

ከድር ወባ ይዞት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁልፉን አየና፣ «ይሄን ዓይነት ቁልፍ አባቴ ሱቅ የሚገዛው ጠፍቶ ከርሟል። ዛሬ ገበያ አገኘ» አለ። ሳቅን። ሊነሳ ሲል ግን ተንገዳግዶ የምሽጉን ግድግዳ ያዘ።

ደስታ፣ «እሱ አይወርድም» አለ።

«ዕጣው ወጥቷል» አልኩት።

«ዕጣ ዓይን የለውም።»

«የሚያይ ስላለ ነው ዕጣ የምንጥለው። የመረጠው እግዚአብሔር ነው። ዛሬ ከለወጥነው ነገ ሁላችንም ያመናል። ማንም አይወርድም።»

«እግዚአብሔር ከዘጠኝ ሰው መርጦ መቆም ያቃተውን ላከ እያልከኝ ነው?»

«ምክንያቱን አላውቅም። ደንቡን ነው የማውቀው።»

«ቢሞትስ፣ ማን ገደለው ልትል ነው?»

«ማዶ ያለው ሰውዬ ነዋ።»

«እሱማ ተኩሶ። የላክነው እኛስ?»

ከድር ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ «እዚህ ነኝ እኮ፣ እንደ ሬሳ አታውሩብኝ» አለ። «ቲቸር፣ ተወኝ ልውረድ። አላህ ቀኔን ጽፎት ከሆነ እዚህም ተኝቼ ያገኘኛል።»

«እንግዲያው ተኝተህ ጠብቀው» አለው ደስታ። «ለእሱ አይከብደውም።»

ሁላችንም ወደ አሥር አለቃ ወርቁ አየን። እሱ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ እያሻሸ፣ «እኔ ቄስ አይደለሁም። ዕጣውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተው ጨርሱት። ብቻ ቶሎ በሉ» አለ።

ቶሎ አላልንም። አየለ ደግሞ የራሱን አመጣ። «ቲቸር፣ ሁሉን የሚችል ከሆነ ያንን ተኳሽ ለምን ዝም ይለዋል? እጁን ቢያደርቀው ምን ነበረበት?»

«የእኛስ ተኳሽ?» አለ ደስታ። «የሻምበሉ አነጣጣሪ የእነሱን ውሃ መቅጃ ነው ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው። የእሱም እጅ ይድረቅ?»

አየለ ወደ ማዶ አማተረ።

«እግዚአብሔር ለሁላችንም እጅ ሰጥቶናል» አለ ደስታ፣ ክፍል ውስጥ እንደቆመ ቀስ ብሎ። «እጃችንን እየያዘ አያስተኩሰንም። እየያዘም አያስጥለንም። ክፋት ከሩቅ የሚመጣ ነገር አይመስለኝም። ሰው እያየ የሚያደርገው ነው።»

እኔም አልተውኩም። ዮናስን አነሳሁ፤ መርከበኞቹ ዕጣ ሲጥሉ በማን ላይ እንደወደቀ አነሳሁ። ደስታ ሁሉንም ሰማኝ። ከዚያ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ጎምቦራ» አለኝ፤ በአገሬ ስም ነበር የሚጠሩኝ። «በመስቀል በሬ ጥሩው መደብ ለአንተ ደረሰህ። አጠገብህ ያለች የታመመች ጎረቤትህ አጥንት ብቻ ደረሳት። ትለውጥላታለህ ወይስ ዕጣ ነው ብለህ ትሄዳለህ?»

«እለውጥላታለሁ።»

«ደንቡ ይፈርሳል?»

«አይፈርስም። አንዴ ከደረሰኝ በኋላ የእኔ ነው፤ ለፈለግሁት እሰጣለሁ።»

«በቃ፣ ይኸው ነው» አለ። ቁልፉን ከአየለ እጅ ወስዶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ይሄ መደብ ለከድር ደርሶት ነበር። አሁን የእኔ ነው።»

«አልሰጠሁህም» አለ ከድር።

«እንግዲያው ሰርቄሃለሁ። ስመለስ ክሰሰኝ።»

ጀሪካኑን አነሳና ወረደ። አሥር አለቃ ወርቁ ያን ጊዜ ነው ወደ ኋላው የዞረው። ፀሐይዋ ከጀርባችን ካለው ተራራ በላይ ወጥታ ነበር። ሰዓቱን አየ። አንድ ሰዓት አልፏል። «ቲቸር!» ብሎ ተጣራ። ደስታ ቁልቁለቱን ጨርሶ ነበር። አልሰማም፣ ወይም ሰምቶ አልተመለሰም።

ሲቀዳ አልተኮሱበትም። ጀሪካኑን ሞልቶ ትከሻው ላይ አደረገና መውጣት ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ጥይት ተተኮሰ። ወደቀ። ጀሪካኑን አለቀቀም። በሆዱ እየተሳበ ወደ ፊቱ ይገፋው ጀመር። ሁለተኛው ጥይት ጀሪካኑን በሳው። አየለ በመትረየስ ማዶውን ሸፈነልን። እኔና አንድ ጓዳችን ወርደን ከአንድ ቋጥኝ ሥር ደረስንበት። እየተነፈሰ ነበር። «ቀዳዳውን ወደ ላይ አዙሩት» አለን። ያሰበው ለውሃው ነበር። ሌላ አልተናገረም። ምሽግ ስንደርስ ሞቶ ነበር።

ጀሪካኑ ውስጥ ግማሽ ያህል ቀርቶ ነበር። አሥር አለቃ ወርቁ በኩባያ አከፋፈለን። ከድር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ወርቁ ኩባያውን አፉ ላይ ደቅኖ፣ «ጠጣ። ትእዛዝ ነው» አለው። ጠጣ። ደስታን ከጉብታው በስተጀርባ ቀበርነው። ቁልፉን ከኪሱ ለማውጣት እጁን የዘረጋ የለም።

ከዚያ በኋላ ዕጣ አልጣልንም። «ሁሉም ያመዋል» ያልኩት ግን አልሆነም። በየማለዳው ወርቁ ሳይናገር አንዱ ይነሳል። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ጀሪካኑ መንገድ ላይ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የማጥቃት ትእዛዝ መጣ። ንጋት ላይ ወንዙን ተሻገርን። መድፋችን ቀድሞን ነበር፤ ቢሆንም መትረየሶቻቸው ሁሉ ዝም አላሉም። አየለ ቁልቁለቱ ላይ ቀረ። አሥር አለቃ ወርቁ ምሽጋቸው አፍ ላይ። ሌሎች ሁለት ጓዶቻችን በፈንጂ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ኮረብታው በእጃችን ገባ።

የተኳሹን ቦታ አገኘሁት። ሰውየው በደረቱ ተኝቶ ሞቷል። እኔን የሚያክል ሰው ነበር። እሱ ይተኛበት ከነበረው ጎን ተንበርክኬ በድንጋዮቹ መካከል ወደ እኛ አየሁ። ወንዙ ይታያል። መውጫው ይታያል። ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሰው በደንብ ይታያል። ውሃ እንደያዘ ያውቅ ነበር። ከእኛ በኩል የነበረው አነጣጣሪም እንዲሁ ያውቅ ነበር። ደስታ ክፋትን ያየው እዚህ ሳይመጣ ነው።

ስንመለስ እኔና ከድር አንጋጫ ወደ ደስታ እናት ሄድን። በከምባትኛ ነበር የሚናገሩት፤ አንድ ጎረቤት አስተረጎመልን። «እናቴ፣ እግዚአብሔር ወሰደው» ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ወሰደው አትበሉኝ» አሉ። «ልጄ ዕቃ አይደለም። ሄደ በሉኝ። ለምን እንደሄደ ንገሩኝ።»

ከድር ነገራቸው። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ክርክሩንም ጭምር። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እንዲህማ ከሆነ እሱ ነው» አሉ፤ ልጃቸውን አወቁት።

ከድር ዛሬ በአባቱ ሱቅ ተቀምጧል። በየዓመቱ አንጋጫ አብረን እንሄዳለን፤ አሁን የምንሄደው የደስታ እናት መቃብር ጋ ነው። በመንገድ ላይ ስለ ሁሉም ነገር ያሾፋል፤ በዚህ ላይ ግን አይቀልድም። «የእኔ ቀን እንዳልነበረ አውቃለሁ» ብሎኛል አንዴ። «የቲቸርን ቀን ግን ማን እንደመረጠው አትጠይቀኝ።»

እንድርያስ፣ እግዚአብሔር ሁሉን እንደሚገዛ ዛሬም አምናለሁ። ዕጣንም አልንቅም። የእሱ ፈቃድ የት አብቅቶ የእኔ እጅ የት እንደሚጀምር ግን አልለየሁም፤ ለይቻለሁ የሚለኝን ሰው አላምነውም። «መርጦ አተረፈኝ» ካልኩ ደስታን መርጦ ገደለው ማለቴ ነው። እናቱ ያልፈቀዱትን ቃል እኔ ከመድረክ አልናገረውም። እናንተም ተከራከሩ፤ አልከለክልም። በምትከራከሩበት ሰዓት ግን የሚጠብቅ ሥራ ካለ፣ የታመመ ካለ፣ ቀና ብላችሁ ፀሐይዋን እዩ። የዚያን ቀን ሁላችንም ትክክል የመሰለንን ስንናገር ነበር።

ዘጠኝ ነበርን፤ አራት ተመለስን። ደስታ ከወንዙ በላይ፣ ወርቁ፣ አየለና ሁለቱ ጓዶቻችን በኮረብታው ላይ፤ አምስት። የማዶውን ሰው ትቼ ብቆጥር ቁጥሩ ይጎድላልና ስድስት። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ መምህሩን አጣ። አንዲት እናት እስክትሞት ድረስ ደጁን አየች። ከድር ያልጠየቀውን ዕድሜ ተሸክሞ ይኖራል። ውሃው ሲከፋፈል ለእያንዳንዳችን ከአንድ ኩባያ አልበለጠም። እኔም ድርሻዬን ጠጥቻለሁ።